ኳሱን አስቀምጪው፣ መጀመሪያ ክንዳቸውን ጠረጴዛ ላይ አሳርፊ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። አባትሽን ስትሮክ ከመታቸው 5 ወር ሆኗል። ቀኝ እጃቸውን ላንሳ ሲሉ ክርናቸው ይታጠፋል፣ ጣታቸውም ይጨበጣል። ጠዋት ማታ የጎማ ኳስ ታስጨምቂያቸዋለሽ፤ እጁ ግን ጭራሽ እየጠበቀ መጣ ብለሻል። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የዛሬ 3 ዓመት ቀኝ ጎኔን መቶኝ ልክ እንደ እሳቸው ሆኜ ነበር።

እኔም የጀመርኩት በኳስ ነው። ሊጠይቀኝ የመጣ ሁሉ ኳስ ይዞ ይመጣል፤ ሦስት ነበሩኝ። በኋላ አንዲት ፊዚዮቴራፒስት አየችኝና «መጨበጡንማ ያውቁበታል፤ ያቃተዎት መልቀቁ ነው» አለችኝ። ነገሩ እዚህ ጋ ነው። የጎደለው ጉልበት ብቻ ሳይሆን የጡንቻዎች ቅንጅት ነው። ከአንጎል ወደ እጅ የሚወርደው፣ ጣትን ከጣት ለይቶ የሚያዘው መስመር ሲጎዳ ሰውነት ከአንጎል ግንድ በሚነሳ ሌላ መስመር ይጠቀማል። ይሄኛው ለይቶ ማዘዝ አያውቅም፤ ሥራው በጅምላ ነው። አንድ ማብሪያ ስትነኪ የቤቱ መብራት ሁሉ ቦግ ቢል ማለት ነው። ትከሻ ሲነሳ ክርን አብሮ ይታጠፋል፣ ጣት አብሮ ይጨበጣል። ትከሻው በለፋ ቁጥር ደግሞ መታጠፉ ይብሳል።

ስለዚህ መጀመሪያ የክንዱን ክብደት ከትከሻው ላይ አውርጂለት። እኔ ልብስ የምቆርጥበት ጠረጴዛ ላይ ቁራጭ ገበር ዘርግቼ እጄን አሳርፍበት ነበር። ገበር ያንሸራትታል። ክርኔ እስኪዘረጋ ቀስ ብዬ ወደ ፊት እገፋለሁ፣ እመልሳለሁ። ከዚያ ወደ ጎን፣ ከዚያ ልክ እንደ ካውያ ዙሪያውን። ስለለመደ ነው መሰለኝ፣ እጄ የካውያውን እንቅስቃሴ ከሌላው ቀድሞ አስታወሰ። ፎጣም ይሆናል፤ ጠረጴዛው ብቻ ለስላሳ ይሁን።

አንድ ማጭበርበር ግን አለ፣ እኔም አጭበርብሬያለሁ። ክንድ አልዘረጋ ሲል ሰው በወገቡ ያጎነብስና እጁ የደረሰ ይመስለዋል። ባለቤቴ ይህን ስትነቃብኝ ደረቴን ከወንበሩ መደገፊያ ጋር በነጠላ ታስረኝ ጀመር። የልጅ ልጄ «አባባ ምን አጥፍተው ነው?» ብሎ አሳቀን። ግን ሠራ፤ ጀርባዬ አልንቀሳቀስ ሲል ክርኔ ለመሥራት ተገደደ። ነጠላው ሳይጠብቅ፣ እየተነፈሱበት፣ አጠገባቸው ሰው ኖሮ ይሁን።

ሳይታጠፍ መዘርጋት ሲጀምር ከጠረጴዛው ላይ በትንሽ በትንሹ ማንሳት ይቻላል። እኔ መጀመሪያ አንድ መጽሐፍ፣ ቆይቶ ሁለት አስቀምጬ እጄን እላዩ ላይ አወጣ ነበር። ክርኑ ተመልሶ መታጠፍ ካመጣ ከፍታው በዝቷል ማለት ነው፤ ዝቅ አድርጊው።

ጣትን በሚመለከት ኳሱን በባዶ የፕላስቲክ ብርጭቆ ቀይሪው። ይያዙት፣ ትንሽ ያራምዱት፣ ይልቀቁት። ጊዜ የሚበላው መልቀቁ ነው፤ አትቸኩሉ። እኔ በመጨረሻ ወደ መቀስ ገባሁ። መቀስ መዝጋት ቀላል ነው፤ መክፈቱ ላብ ያስጠምቃል። ያን ቀን ነው የቴራፒስቷ ነገር በትክክል የገባኝ።

ብዛቱ ደግሞ ከምታስቢው በላይ ነው። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች የቴራፒ ሰዓት ላይ ተገኝተው ቢቆጥሩ ሰው በአንድ ቀጠሮ ክንዱን ለአንድ ተግባር የሚያንቀሳቅሰው በአማካይ 32 ጊዜ ያህል ሆኖ ተገኘ። በእንስሳት ላይ አንጎልን የለወጠው ልምምድ ግን በቀን በመቶዎች የሚቆጠር ነበር። በሳምንት ሁለቴ ቀጠሮ ብቻውን አይበቃም የምለው ለዚህ ነው። እኔ ቁጥሩ እንዳይጠፋኝ ባቄላ በሰሃን አስቀምጬ በእያንዳንዱ ዙር አንድ ፍሬ በግራ እጄ ወደ ሌላ ሰሃን አሻግር ነበር። በቀን 300 ለመድረስ 6 ሳምንት ፈጀብኝ። በአንድ ቁጭታ አይደለም፤ አራት አምስት ቦታ ከፋፍዬ ነው። ድካሙ የዋዛ አይደለም፤ ሲደክማቸው ይረፉ።

ደህናውን እጅ በጓንት ሸፍኖ የታመመውን ማሠራት የሚባልም አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ስትሮክ ከመታቸው ከ3 እስከ 9 ወር የሆናቸው 222 ሰዎችን ይዞ ሞክሮታል። ለ2 ሳምንት ከነቁበት ሰዓት 90 በመቶውን ጓንት ያጠልቁ፣ በየቀኑም ለሰዓታት ይለማመዱ ነበር፤ ክንዳቸው ተሻሻለ። ነገር ግን የተመረጡት የእጅ አንጓና ጣታቸውን ትንሽም ቢሆን ቀና ማድረግ የሚችሉት ነበሩ። የአባትሽ ጣት ጨርሶ የማይከፈት ከሆነ ጓንቱ ማናደድ ብቻ ነው። ደረጃ ላይና ትኩስ ነገር አጠገብ ደግሞ ለማንም አይሆንም።

ትከሻውን ግን አደራ። ለማስነሳት ብላችሁ በታመመው እጅ አትጎትቷቸው። እኔን አንድ ቦታ ከላይ በተንጠለጠለ ገመድ እጄን ሽቅብ ያስጎትቱኝ ነበር፤ ሁለት ወር ሙሉ ትከሻዬ እንቅልፍ ነሳኝ። ሕመም ከመጣ አቁሙና ለሐኪም ንገሩ። ጡንቻው በጣም ከጠበቀም የሚያላላ መርፌ አለ፣ ጠይቁ። የደም ግፊት መድኃኒታቸውንም «ተሽሎኛል» ብለው እንዳይተዉ።

እኔ ዛሬ ጨርቅ በቀኜ እቆርጣለሁ፣ እንጀራም በቀኜ እቆርሳለሁ። ወጡ ቀጠን ካለ ግን ሸሚዜ ይመሰክራል። መርፌ ውስጥ ክር ማስገባትና አዝራር መትከል አሁንም የልጄ ሥራ ነው።

አንድ ነገር ንገሪኝ፦ ክንዳቸው ጠረጴዛ ላይ አርፎ እያለ ጣታቸው በራሱ ትንሽ ይከፈታል ወይስ ጨርሶ አይከፈትም? ዛሬ ማታ እይና ጻፊልኝ።