አሮጌ ስፖርት መኪና ቤንዚን ስትሸት፦ ወደ መካኒክነት ለምትገቡ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

ዕድሜዬን በመካኒክነት ያሳለፍኩ ሰው ነኝ፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ እዚህ ቨርጂኒያ ከአንዳንዶቻችሁ ጋር ስሠራ ደጋግሜ የማየው ነገር ይህን ደብዳቤ አስጽፎኛል። ኮምፒውተር ሰክቶ የብልሽት ኮድ ማንበብ ላይ ከእኛ ከሽማግሌዎቹ ትበልጣላችሁ። ነገር ግን ኮምፒውተር የሚሰካበት ቀዳዳ የሌላት አሮጌ ስፖርት መኪና ስትገባና ባለቤቷ «ቤንዚን ትሸታለች» ሲል፣ እጃችሁ ወዲያው ዕቃ ማዘዝ ይጀምራል። ፖምፓ ይገዛል፣ ካርቡራተር (ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው) ይወርዳል፣ ሰልባትዮ (የቤንዚን ታንኩ) ይፈታል፤ ያ ሁሉ ገንዘብ ከወጣ በኋላም ሽታው አይለቅም። ስለዚህ ልመክራችሁ የፈለግሁት ይህን ነው፦ ሽታው መቼ እንደሚመጣና ከየት በኩል እንደሚጠነክር ሳታውቁ አንድም ብሎን አትፍቱ።

ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት ብዙ የሠራሁባቸውን ዳትሰን 240ዜድን እና ተከታዮቿን 260ዜድን እና 280ዜድን እወስዳለሁ። ኒሳን ዳትሰን በሚለው የንግድ ስሙ እ.ኤ.አ. በ1969 ያስተዋወቃት ይህች መኪና ደካማ አይደለችም፤ በ1971 እና በ1973 በጎረቤቶቻችን አገሮች መንገድ ላይ የተካሄደውን የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ውድድር ያሸነፈች ናት፣ በሁለተኛው ጊዜም መሪውን የያዘው ዩጋንዳ የተወለደው ሼካር ሜህታ ነበር። ሞተሯ ዛሬም ቢሆን ይሠራል። ያረጀው ጎማው ነው፤ ሃምሳ ዓመት ያለፈው ቱቦ፣ ጓርኒሲዮን (በሁለት ዕቃዎች መካከል የሚገባው ማሸጊያ) እና የበር ማሸጊያ ላስቲክ ነው። የእነዚህ መኪኖች ሽታ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከዚያ የሚመጣ በመሆኑ ፍለጋውም መጀመር ያለበት ከዚያ ነው።

ባለቤቱን ቁጭ አድርጋችሁ ጠይቁት። ሽታው ያልተቃጠለ ቤንዚን ነው ወይስ ዓይን የሚያቃጥል ጭስ? የሚመጣው ጠዋት ገና ሳይነሣ ነው፣ ሲነዳ ነው፣ ወይስ ሞቆ ከቆመ በኋላ? ቤንዚን በሞላ ዕለት ይብስበታል? መስኮት ሲከፍት ይቀንሳል ወይስ ይጨምራል? ብዙ ሰው «እንዲያው ሁልጊዜ ነው» ብሎ ይመልሳል፤ አትቀበሉት፣ አብራችሁት ተሳፈሩ። ስትሳፈሩም የመጀመሪያውን ደቂቃ በደንብ ተጠቀሙበት፣ ምክንያቱም አፍንጫ ሽታን ቶሎ ይለምዳል፤ ጥቂት ከቆያችሁ በኋላ «ጠፋ» የምትሉት ሽታ ጠፍቶ ሳይሆን እናንተ ደንዝዛችሁ ነው። ከጋራዡ ወጥታችሁ ንጹሕ አየር ሳብ አድርጋችሁ ተመለሱ፤ ካልሆነም ቀኑን ሙሉ ቢሮ የተቀመጠውን ሰው ጠርታችሁ አሽትቱት።

መስኮት ሲከፈት የሚጨምር ሽታ ብዙዎችን የሚያሳስት በመሆኑ በእርሱ ላይ ትንሽ ልቆይ። የመኪናዋ ጀርባ ተዳፍቶ መጥቶ ድንገት የተቆረጠ ነው፤ በፍጥነት ስትነዳ ከኋላዋ የአየር ግፊቱ ይቀንስና ከማርሚታው የሚወጣው ጭስ እዚያው ይሽከረከራል። መስኮት ሲከፈት ደግሞ የውስጡ ግፊት ስለሚወርድ ያ ጭስ ባገኘው ቀዳዳ ሁሉ ወደ ውስጥ ይሳባል። ቀዳዳዎቹም የታወቁ ናቸው፦ የኋላው በር ዙሪያ ላስቲክ፣ የኋላ መብራቶቹ ጓርኒሲዮን፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚያልፍባቸው የጎማ ውታፎች። በኋላው በር ላይ ቁራጭ ወረቀት አድርጋችሁ ዝጉትና ሳቡት፤ ያለ ምንም ትግል ሾልኮ ከወጣ ላስቲኩ በዚያ ቦታ አይነካም ማለት ነው። ለመብራቶቹ ደግሞ ጋራዡን አጨልማችሁ አንዳችሁ ባትሪ ይዛችሁ ውስጥ ግቡ፤ ሌላው ከውጭ ቆሞ ብርሃን የሚያፈስበትን ቦታ በጠመኔ ምልክት ያድርግ። ማርሚታው ተቀይሮ ከሆነ የጭስ መውጫው ጫፍ ከፓራውልቱ (ከኋላው መከላከያ) በታች ተደብቆ እንዳልቀረ እዩ። ይህን ሽታ ባለቤቶቹ «ቤንዚን» ይሉታል፣ ካርቡራተሩ ወፍራም ድብልቅ (ቤንዚን የበዛበት) ሲሰጥ በእርግጥም ያልተቃጠለ ቤንዚን ይቀላቀልበታል፤ ይሁንና ከእርሱ ጋር ምንም ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ አብሮ እንደሚገባ አስቡና እንደ ቀላል ነገር አትመልከቱት።

ሽታው ቤንዚን በተሞላ ማግሥት የሚጠነክር ከሆነ ግን መንገዱ ሌላ ነው። በ240ዜድ ላይ ከሰልባትዮው የሚነሣው ትነት በቀጥታ ወደ ውጭ አይወጣም፤ በቀኝ በኩል ከኋላው ጎማ በላይ፣ ከውስጠኛው የፕላስቲክ ሽፋን ጀርባ ወደ ተደበቀች አንዲት ትንሽ የትነት ታንክ ይገባል። ይህች ታንክ ያለችው ተሳፋሪው በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ነው! ከእርሷ ጋር የሚገናኙት የጎማ ቱቦዎች ጫፋቸው ላይ ቢሰነጠቁ አንዲት ጠብታ መሬት ላይ ሳትታይ መኪናው ውስጥ ቤንዚን ቤንዚን ይላል። ባለፈው ክረምት ከእናንተው አንዱ ያን ሽፋን ሲያወርድ አጠገቡ ነበርኩ፤ ከላይ ሲታይ ምንም ያልሆነ የሚመስለው ቱቦ በሁለት ጣቱ ጎንበስ ሲያደርገው እንደ ደረቅ ቂጣ ተሰበረ። መኪናዋ ከዚያ በፊት በሌላ ቦታ ሰልባትዮዋ ወርዶ ታጥቦና ቀለም ተቀብቶ ነበር፤ ሽፋኑን ግን የነካው አልነበረም። እዚያው ሳላችሁ ከቤንዚን መሙያው አፍ እስከ ሰልባትዮው የሚወርደውን ወፍራም ቱቦና የነዳጅ መለኪያው የገባበትን ጓርኒሲዮን አብራችሁ እዩ። በኋላ በተሠሩት ሞዴሎች ትነቱ ከሰል ወደ ታጨቀበት ጣሳ ስለሚሄድ ሽታው ከፊት ከሞተሩ ክፍልም ሊመጣ ይችላል።

መኪናዋ ሞቃ ከቆመች በኋላ ብቻ ስትሸት ኮፈኑን ክፈቱ። በካርቡራተር የምትሠራዋ ሞተሯ ሲጠፋ ሙቀቱ ወደ ላይ ስለሚወጣ በካርቡራተሮቹ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ይተንናል፤ ጥቂት ሽታ ከአፈጣጠሯ ነው፣ ይህንንም ለባለቤቱ በግልጽ መንገር ተገቢ ነው። ነገር ግን የካርቡራተሩ ውጫዊ አካል ረጥቦ ካገኛችሁት፣ ተንሳፋፊው የሚዘጋው መርፌ ቆሻሻ ይዞት ወይም ተበልቶ ቤንዚኑ እየሞላ ይፈሳል ማለት ነው። የዚህ ሞተር አደገኛ ጠባይ ቤንዚን የሚገባበትና ጭስ የሚወጣበት በአንድ ጎን መሆናቸው ነው፤ ከካርቡራተሩ ወይም ከኢንጀክተሩ (በካርቡራተር ፋንታ ቤንዚኑን በግፊት ከሚረጨው) የምትወርድ ጠብታ በቀጥታ የምታርፈው በጋለው የጭስ ማኒፎልድ (ጭሱን ከሞተሩ በሚሰበስበው ቱቦ) ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ በመጣችውና በኢንጀክተር በምትሠራው 280ዜድ ደግሞ ቤንዚኑ የሚገፋው ወደ 2.5 ባር በሚጠጋ ግፊት ነው፤ በካርቡራተር የምትሠራዋ መኪና ፖምፓ ግፊት ከዚህ አንድ አስረኛ ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ በ280ዜድ ላይ ስንጥቅ ያለው ቱቦ አያንጠባጥብም፣ ይረጫል። እንዲህ ያለች መኪና ሽታዋ ከሞተሩ ክፍል ከሆነ በራሷ ተነድታ ወደ ጋራዥ አትምጣ፤ በመኪና ተጭና ትምጣ።

ወጣቶች የማይመለከቷቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። አንደኛው የዘይት መለኪያው ነው። በ240ዜድ ሞተር ላይ በካሙ (ቫልቮቹን በሚከፍተው ዘንግ) የሚገፋው ፖምፓ ውስጠኛው ዲያፍራም (ስሱ ሽፋን) ሲቀደድ ቤንዚኑ ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ዘይቱ ሊወርድ ይችላል፤ መለኪያውን አውጥታችሁ አሽትቱ፣ የዘይቱ መጠን ከፍ ብሎ ከታየም ሞተሩን ሳታስነሡ ዘይቱን ቀይሩ። ሁለተኛው በ280ዜድ ላይ ያለው የነዳጅ ግፊት መቆጣጠሪያ ነው። ከእርሱ ላይ ቀጭኗን የአየር ቱቦ ስትነቅሏት ውስጧ ደረቅ መሆን አለበት፤ ቤንዚን ከታየባት የመቆጣጠሪያው ዲያፍራም ተቀዷል፣ ሞተሩም ያን ትርፍ ቤንዚን ሲጠጣ ነበር ማለት ነው።

የማይንጠባጠብ፣ የማይረጥብ፣ ግን የሚሸት ቱቦም አለ። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጠው ቤንዚን አብዛኛውን ጊዜ እስከ 10 በመቶ ኢታኖል ያለበት ሲሆን፣ በዚያ ዘመን የተሠራው ጎማ ለእርሱ አልተዘጋጀም፤ ትነቱ በቱቦው ግድግዳ ውስጥ እያለፈ ይወጣል። ቱቦውን በንጹሕ ጨርቅ ጠረግ አድርጉና ጨርቁን ከመኪናው ራቅ ብላችሁ አሽትቱ። አዲስ ስትገዙ ቱቦው ላይ የታተመውን ጽሑፍ አንብቡ፦ ኤስኤኢ ጄ30 አር7 የሚለው ለካርቡራተር ግፊት ነው፣ ለኢንጀክሽን አር9 ያስፈልጋል። ፋሼታውም (ቱቦውን የሚያስረው ቀለበት) ቢሆን የብሎኑ ጥርስ የሚይዝባቸው ቀዳዳዎች ያሉበት ዓይነት ሲጠብቅ ጎማውን ይቆርጠዋል፤ ለስላሳ ጠርዝ ያለውንና በአንዲት ብሎን የሚጠብቀውን ተጠቀሙ። ጥቂት ብር ለማዳን ያገኙትን ቱቦ የሚያስሩ ሰዎች ሥራ ደጋግሞ ገጥሞኛል፤ አልታገሣቸውም።

ይህን ሁሉ ስትሠሩ የቤንዚን ትነት ከአየር እንደሚከብድ አትርሱ። ወደ ታች ይወርዳል፣ ይተኛል፣ ሳይታይም ርቆ ይሄዳል። በአገራችን ጋራዦች የለመድነው ጉድጓድ ለዘይት መቀየር ያገለግላል እንጂ ቤንዚን ለምታፈስ መኪና መግባት የሌለበት ቦታ ነው። እዚህ አሜሪካ በቤት ጋራዥ ውስጥ የሚቀመጥ የውሃ ማሞቂያ እሳት የሚፈጥርበት ክፍል ከወለሉ 46 ሴንቲሜትር ገደማ ከፍ እንዲል ደንቡ የሚያስገድደው በዚሁ ምክንያት ነው። የባትሪውን ኔጋቲቭ አስቀድማችሁ ንቀሉ፤ አምፖል ያለውን ተንጠልጣይ መብራት ተዉት፣ ወድቆ ሲሰበር የጋለው ሽቦ ትነቱን ለማቀጣጠል ይበቃልና፤ የእሳት ማጥፊያው በእጃችሁ ርቀት ይሁን። ቤንዚን በአፍ ስቦ ማውጣትን ደግሞ ፈጽሞ አቁሙ። ስንቱ መካኒክ እንደ ጀግንነት ሲያደርገው ያደግን ቢሆንም፣ ወደ ሳንባ የገባ ጥቂት ቤንዚን ከባድ የሳንባ ምች ያስከትላል፤ የእጅ ፖምፓ ዋጋው ከምሳ አይበልጥም።

ጥገናው ካለቀ በኋላ ሞተሩን አስነሥታችሁ «ጸድቷል» ብላችሁ ቁልፉን አታስረክቡ። ምንጣፉና የመቀመጫው ስፖንጅ የጠጡት ቤንዚን ለቀናት ሊሸት ስለሚችል አውጥታችሁ አናፍሱት፤ መኪናዋን መስኮቷን ዘግታችሁ አሳድሯት፣ ጠዋት ማንም ጋራዡ ውስጥ ሥራ ሳይጀምር በሯን ከፍታችሁ አሽትቱ። የቀዘቀዘ ጎማ ስለሚኮማተር በሙቀት ደርቆ የነበረ መጋጠሚያ በዚያ ሰዓት ሊያረጥብ ይችላልና ፋሼታዎቹን አንድ በአንድ በጣታችሁ ዳስሱ። ከዚያ በኋላ ሰልባትዮዋን አስሞሉና በፍጥነት መንገድ ላይ መስኮት ከፍታችሁም ዘግታችሁም ንዱ። በደረሰኙ ላይ የትኛው ቱቦ እንደተቀየረና የትኛው አሮጌ እንደቀረ ለይታችሁ ጻፉ፤ ሽታው ከወራት በኋላ ቢመለስ ያን ወረቀት የሚያነበው መካኒክ የቀሩትን አሮጌ ቱቦዎች አስቀድሞ ያያል።