ኦንላይን ቴራፒ ልጀምር ነው፤ ምን ልጠብቅ? (ጥያቄና መልስ)

በቪዲዮ ወይም በስልክ ቴራፒ (ከባለሙያ ጋር በመነጋገር የሚሰጥ የአእምሮ ጤና ሕክምና) ሊጀምሩ ካሰቡ ሰዎች የተላኩ ጥያቄዎች ናቸው። ስለ ሕግና ክፍያ የተጻፈው፣ ሌላ አገር ካልተጠቀሰ በስተቀር፣ አሜሪካ ለሚኖሩ ነው።

ጥያቄ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦ የመጀመሪያ ቀጠሮዬ ሐሙስ ነው። ምን ይጠይቁኛል? ከየት ልጀምር?

እህቴ፣ ከሐሙስ በፊት የሚሞሉ ቅጾች ይላኩልሻል። አንደኛው የስምምነት ቅጽ ነው፤ ምስጢርሽ እንዴት እንደሚጠበቅና ቀጠሮ ብትሰርዢ ስንት እንደምትከፍዪ የተጻፈው እዚያ ላይ ስለሆነ ሳታነቢ አትፈርሚ። ብዙ ጊዜ ፒኤችኪው-9 የሚባል መጠይቅም አብሮ ይመጣል። ዘጠኝ ጥያቄዎች አሉት፤ ሁሉም ያለፉትን 2 ሳምንታት ብቻ ይመለከታሉ። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ስለሚሰጠው ድምሩ ከ27 አያልፍም። 10 እና ከዚያ በላይ ከመጣ ባለሙያው ድባቴ መኖሩን ጠለቅ ብሎ ያያል እንጂ ቁጥሩ ብቻውን በሽታ አለብሽ አይልም። ኢትዮጵያ ውስጥ ተፈትሾ የተሠራበት የአማርኛ ቅጂ ስላለ ጠይቂያቸው።

ቀጠሮው ከ50 እስከ 60 ደቂቃ ይወስዳል፤ የመጀመሪያውን እስከ 90 የሚያደርሱም አሉ። መጀመሪያ አሁን ያለሽበትን አድራሻና በድንገት የሚደወልለትን ሰው ስልክ ይመዘግባሉ። ከዚያ ስለ እንቅልፍሽ፣ ስለ ምግብ ፍላጎትሽ፣ ስለምትወስጂው መድኃኒት፣ ስለ መጠጥና ጫት፣ ስለ ቤተሰብሽ የጤና ታሪክ ይጠይቁሻል። የመጀመሪያው ቀን መጠየቂያ ስለሆነ መፍትሔ አትጠብቂ። ብዙ ሰው ደክሞት ነው የሚወጣው፤ ከስልኩ ተነስተሽ በቀጥታ ሥራ እንዳትገቢ 20 ደቂቃ ክፍት አድርጊ።

አጀማመሩን ካልሽ፣ «እንዴት ነሽ?» ስትባዪ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ማለት ልማዳችን ነው፤ ባለሙያው ግን ቃልሽን እንዳለ ሊወስደው ይችላል። ሦስት ነገር በወረቀት ጽፈሽ ያዢ፦ ምን እንደሚሰማሽ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ምን እንዳስቀረብሽ። «ከመስከረም ወዲህ ከሌሊቱ 9 ሰዓት እነቃለሁ፤ ተመልሼ አልተኛም፤ በዚህ ወር አራት ቀን ከሥራ ቀርቻለሁ።» ይህን አንብበሽለት ብትጀምሪ ግማሹ ሰዓት ይተርፍልሻል።

ጥያቄ (ዳላስ)፦ እንግሊዝኛ ለሥራ ይበቃኛል፤ የሆዴን ለመናገር ግን አይበቃኝም። አስተርጓሚው የሚያውቀኝ ሰው ቢሆንስ?

ስጋትህ እውነተኛ ነው፤ ማኅበረሰባችን ትንሽ ነው። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ክሊኒኮች፣ ሜዲኬይድ (ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የሚሰጥ የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ) የሚቀበሉትን ጨምሮ፣ ቋንቋው ለሚያስቸግረው ሰው አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ አለባቸው። ቀጠሮ ስትይዝ ሦስት ነገር ጠይቅ፦ አስተርጓሚው በስልክ እንዲሆን፣ ከሌላ ስቴት እንዲሆን፣ ስምህ እንዳይነገረው። ድምፁን ካወቅከው «ይቀየርልኝ» በል፤ ምክንያት መስጠት የለብህም። ልጅህን ወይም ሚስትህን ግን አስተርጓሚ አታድርግ። ልጅ አባቱ ሲያለቅስ ማስተርጎም አይገባውም፤ አንተም ልጅህ ፊት እውነቱን ሙሉ አትናገርም።

ትልቁ ችግር ትርጉሙ ላይ ነው። «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» ቃል በቃል ከተተረጎመ የሆድ ሕመም ይሆናል። «ልቤን ያቃጥለኛል» ደግሞ ቃር ሆኖ ይመዘገባል፤ ወደ ጨጓራ ሐኪም የሚያስልክ ነገር ነው። እንዲህ ያለ ቃል ስትጠቀም መቼ እንደሚሰማህ ጨምርበት፦ «ሆዴን ባር ባር ይለኛል፤ ክፉ ወሬ ሊመጣ ያለ ይመስለኛል፤ ማታ ብቻዬን ስሆን ይብሳል።» አስተርጓሚ ሲኖር ሁሉም ነገር ሁለት ጊዜ ስለሚነገር 50 ደቂቃው ወደ 25 ይወርዳል። ረዘም ያለ ቀጠሮ ከመጀመሪያው ጠይቅ።

ጥያቄ (አሌክሳንድሪያ)፦ ቤቱ ጠባብ ነው፤ አራት ሆነን ነው የምንኖረው። የት ሆኜ ላውራ?

የቆመ መኪና ውስጥ ጥሩ ነው። እየነዳህ ግን አይሆንም፤ ብዙዎቹ ባለሙያዎች ወዲያው ያቋርጡታል። ቤት ከሆነ በሩ ውጭ ሬዲዮ ወይም ቬንትሌተር ክፈት፣ አንተ የጆሮ ማዳመጫ አድርግ። ስልኩን በእጅ አትያዘው፤ ከዓይንህ ትይዩ እንዲሆን መጻሕፍት ደርድረህ አስደግፈው። መስኮቱ ከፊትህ ይሁን፤ ከኋላህ ከሆነ ፊትህ ጥቁር ሆኖ ነው የሚታየው። ጥሪ የሚያግደውን ቁልፍ ተጫን፤ አለበለዚያ ልክ እያለቀስክ ሳለ ከአገር ቤት የሚገባ ስልክ ድምፁን ይቆርጠዋል። መስመር ቢቋረጥ ማን ለማን እንደሚደውል መጀመሪያ ላይ ተስማሙ። 50 ደቂቃ ቪዲዮ ግማሽ ጊጋባይት ገደማ ሊበላ ይችላል፤ በድምፅ ብቻ ከሆነ 100 ሜጋባይትም አይሞላም።

የምትፈሩት ሰው እዚያው ቤት ውስጥ ካለ ከባለሙያው ጋር አንድ የምስጢር ቃል ተስማሙ። ያን ቃል ስትሉ ወሬውን ይቀይራል፣ ወይም «አዎ፣ አይ» ብቻ የሚመለስ ጥያቄ ይጠይቃል።

ጥያቄ (ሲያትል)፦ ኢንሹራንስ አለኝ። ድንገት ትልቅ ቢል እንዳይመጣብኝ ምን ላድርግ?

ካርዱ ጀርባ ላይ ባለው ቁጥር ደውለው የቀጠሮዎቹን የክፍያ ኮዶች ይስጧቸው፦ ለመጀመሪያው ቀን 90791፣ ለ45 ደቂቃ 90834፣ ለ60 ደቂቃ 90837። በእያንዳንዱ ስንት እንደሚከፍሉ፣ ዲዳክቲብልዎ (ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪስዎ የሚከፍሉት) ተሟልቶ እንደሆነ፣ በቪዲዮም እንደሚሸፍኑ ይጠይቁ፤ ያነጋገሩትን ሰው ስምና ቀኑን ይመዝግቡ። ከ24 ወይም ከ48 ሰዓት በፊት ሳይሰርዙ የቀሩበትን ቀጠሮ ኢንሹራንስ አይከፍልም። ኢንሹራንስ ለሌለው ከእ.ኤ.አ. ጥር 2022 ጀምሮ የዋጋ ግምት በጽሑፍ የማግኘት መብት አለ፤ ቢሉ ከግምቱ በ400 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ከበለጠ መከራከር ይቻላል።

በመተግበሪያ የሚመዘገብ ሰው ደግሞ የሚሞላው መጠይቅ ወዴት እንደሚሄድ ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን አንድ ትልቅ የኦንላይን ቴራፒ ድርጅት የደንበኞቹን መረጃ ለማስታወቂያ ድርጅቶች አካፍሏል ብሎ 7.8 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አድርጎታል።

ጥያቄ (ስም አይጠቀስ)፦ መሞት እንደሚያምረኝ ብናገር ፖሊስ ይልኩብኛል? ወረቀት እንደሌለኝስ ቢያውቁ?

በመናገርህ ብቻ ፖሊስ አይጠራም። ባለሙያው ይጠይቅሃል፦ ሐሳብ ብቻ ነው ወይስ አስበህ የወሰንክበት መንገድ አለ? መቼ? ሐሳብ ብቻ ከሆነ ብዙውን ጊዜ አብራችሁ የደኅንነት ዕቅድ ትጽፋላችሁ፤ ሲብስብህ ለማን እንደምትደውል፣ ከቤት ምን እንደሚወጣ። ምስጢር የሚፈታው ሕይወትህ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አሁን አደጋ ላይ ሲሆን፣ ሕፃን ወይም አቅመ ደካማ ሲበደል፣ ወይም ፍርድ ቤት ሲያዝ ነው። የኢሚግሬሽን ሁኔታህን ለማንም እንዲያሳውቅ የሚያስገድደው ሕግ የለም።

ዛሬ ማታ ከባሰብህ ቀጠሮህን አትጠብቅ። ራሱን ለማጥፋት ላሰበ ሰው የሚረዳው የአሜሪካ የስልክ መስመር ወደሆነው 988 ደውልና በእንግሊዝኛ «አምሃሪክ» በል፤ በአስተርጓሚ በኩል ከ240 በላይ ቋንቋዎች ያስተናግዳሉ። እባክህ ብቻህን አትሁን፤ የምታምነውን አንድ ሰው አሁን ጥራ።

ጥያቄ (ዱባይ)፦ በዋትስአፕ ልጀምር ብል ጥሪው አይሠራም።

ኤምሬትስ ውስጥ የዋትስአፕ ጥሪ የተገደበ ነው። ዙም ወይም ቲምስ የምትጠቀም ባለሙያ ፈልጊ፤ በቪፒኤን ግን አትሞክሪ፣ ከሕግ ጋር ሊያጋጭሽ ይችላል። የሰው ቤት የምትሠሪ ከሆነ የዕረፍት ቀንሽን ምረጪ፤ ስልክሽን ሌላ ሰው የሚከፍተው ከሆነም የጽሑፍ መልእክት እንዳይላክልሽ አስቀድመሽ ተናገሪ።

ጥያቄ (አዲስ አበባ)፦ አሜሪካ ያለች የአገራችን ልጅ ቴራፒስት አግኝቻለሁ። ከዚህ ሆኜ ልጀምር?

መጀመሪያ ፈቃዷ ይፈቅድላት እንደሆነ ጠይቃት። የአሜሪካ ፈቃድ የሚሰጠው በስቴት ነው፤ የሚታየውም በቀጠሮው ሰዓት አንተ ያለህበት ቦታ ነው። ቨርጂኒያ ያለ ታካሚም ለዕረፍት አዲስ አበባ ሲመጣ ባለሙያው ላይቀጥል ስለሚችል ሳምንታት ቀድሞ መናገር አለበት።

ከተስማማች ሰዓቱን ተጠንቀቁበት፤ ብዙ የመጀመሪያ ቀጠሮ የሚበላሸው በዚህ ነው። የዋሽንግተን 1 ሰዓት ከቀትር በኋላ በበጋቸው ለአንተ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው፤ በክረምታቸው 3 ሰዓት ይሆናል፤ እነሱ በፈረንጆቹ መጋቢትና ኅዳር ሰዓት ሲቀይሩ እኛ አንቀይርም። «ማክሰኞ በ2» ብሎ መቅረት የለም፤ በማን አቆጣጠር፣ ቀን ወይስ ማታ የሚለው ይጻፍ።

ጥያቄ (አትላንታ)፦ እናቴ ጸበል ትጠመቃለች። ቴራፒስቱ ይቃወማል?

ጥሩ ባለሙያ አይቃወምም፤ ግን ንገሩት። መነገር ያለበት ዋናው ነገር መድኃኒት ማቋረጥ ነው። ጸበል ሲጀመር የድባቴ መድኃኒት በድንገት ከተተወ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣት ሊመጣ ይችላል፤ ሕመሙም ያገረሻል። ከጸበሉ ጋር አብሮ ማስኬድ ይቻላል፤ መድኃኒቱን ስለማቆም ያዘዘውን ሐኪም አነጋግሩ። በነገራችን ላይ ቴራፒስት ብዙውን ጊዜ መድኃኒት አያዝም፤ የሚያዝዘው ሳይካትሪስት ወይም ሌላ ሐኪም ነው።

ጥያቄ (ሚኒያፖሊስ)፦ አምስት ጊዜ ገባሁ፤ ለውጥ የለም። ሴትዮዋ ጥሩ ሰው ስለሆነች መናገር ከበደኝ።

እህቴ፣ ይሉኝታ ነው የያዘሽ፤ በዚህ የተነሳ ስንቱ ቀጠሮውን ዝም ብሎ ይተዋል፣ ከዚያም «ቴራፒ አይሠራም» ይላል። ከ4 እስከ 6 ቀጠሮ በኋላ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ለባለሙያም ቅር የሚያሰኝ ነገር አይደለም። መጀመሪያ ላይ የሞላሽው ፒኤችኪው-9 የሚባለው የድባቴ መጠይቅ ካለ እንደገና ሙዪው፤ ከመጀመሪያው ድምር በ5 ነጥብ ወይም ከዚያ በላይ ከቀነሰ፣ ባይታወቅሽም ለውጥ አለ። ካልቀነሰ እንዲህ በያት፦ «ዕቅዳችን ምንድን ነው? በየሳምንቱ የሆነውን እነግርሻለሁ፤ ቤት ወስጄ የምሠራው ነገር ግን የለኝም።» ለጭንቀትና ለድባቴ የሚሰጠው ሲቢቲ የሚባለው (አስተሳሰብንና ልማድን በመቀየር ላይ የሚያተኩር) ሕክምና ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 20 ቀጠሮ ይወስዳል፤ በየሳምንቱም የቤት ሥራ አለው። ፊት ለፊት መናገሩ ከከበደሽ ከቀጠሮው አንድ ቀን በፊት በጽሑፍ ላኪላት። አሁንም ካልሆነ ወደ ሌላ ባለሙያ እንድትመራሽና ማስታወሻሽን እንድታስተላልፍልሽ ጠይቂ፤ ከሌላው ዘንድ ከሀ እንዳትጀምሪ።