መልስ፦ ተከራይ በትኋን ምክንያት ውል ጥሎ መውጣት ይችላል?

ወንድሜ፣ «በድሮ የእንግሊዝ ሕግ ተከራይ ትኋን አለ ብሎ ውሉን ጥሎ ቢወጣ ፍርድ ቤት ያሸንፍ ነበር?» ብለህ ጠይቀሃል። አዎ፣ የረታ አለ። እ.ኤ.አ. በ1843 የተወሰነው የስሚዝና የማራብል ክርክር ነው።

ሰር ቶማስ ማራብል ብራይተን ውስጥ ከነዕቃው የተሟላ ቤት ለጥቂት ሳምንታት ተከራየ። ኪራዩ በሳምንት 8 ጊኒ (የድሮ የእንግሊዝ ገንዘብ) ነበር፤ ለዘመኑ ከባድ ገንዘብ ነው። ቤተሰቡ ገባ፣ ቤቱ ትኋን ወርሮታል። ለማጥፋት ተሞከረ፣ አልሆነም። ጥለው ወጡ። አከራዩ ለቀሪው ጊዜ ኪራይ ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ ግን ከነዕቃው የሚከራይ ቤት፣ ውሉ ላይ ባይጻፍም፣ ለመኖሪያ የሚመች መሆን አለበት አለ። ካልሆነ ተከራዩ መውጣት ይችላል። እኔ ትክክለኛ ፍርድ ነው እላለሁ። ሰው የሚከራየው ሊተኛበት ነው!

ግን ተጠንቀቅ። በዚያው ዓመት፣ በሃርትና በዊንዘር ክርክር፣ ባዶ ቤት የተከራየ ሰው በዚሁ በትኋን ምክንያት ወጥቶ ተረታ። የሚያሳዝነው ይሄ ነው፤ ድሃው የሚከራየው ባዶውን ቤት ነበር። የተሟላው ቤት ደንብ ግን ጸና፤ እ.ኤ.አ. በ1877 በተበላሸ የፍሳሽ መስመር ጉዳይ ላይም ተሠርቶበታል።