መልስ፦ ቲቢ አኦርታን ሲነካ

ሰላም እህቴ። ከደብረ ብርሃን የጻፍሽውን አነበብኩት። አባትሽ የቲቢ መድኃኒት ጀምረዋል፤ ሲቲ ስካን ላይ ግን አኦርታቸው አብጦ ታየ። «መድኃኒቱ ብቻ አይበቃም ወይ?» ብለሻል።

እብጠት ካለ ብዙ ጊዜ አይበቃም። አኦርታ ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ቧንቧ ነው። ቲቢው አብዛኛውን ጊዜ አጠገቡ ካለ ንፍፊት፣ ሳንባ ወይም አከርካሪ ተሻግሮ ግድግዳውን ይበላዋል። የሳሳ የብስክሌት ጎማ በአንድ በኩል ፊኛ ሲያወጣ አይተሽ የለ? ልክ እንደዚያ። መድኃኒቱ ጀርሙን ይገድላል፤ የሳሳውን ግን አይጠግንም። ስለዚህ ቀዶ ጥገናም ያስፈልጋል። የተጎዳው ተቆርጦ ሰው ሠራሽ ቧንቧ ይተካል፤ አንዳንዴ በብሽሽት በኩል ስቴንት (ቧንቧውን ከውስጥ የሚደግፍ ቱቦ) ይገባል።

አክታቸው ከቲቢ ጀርም ነጻ ነው ቢባልም አያዘናጋሽ፤ ጀርሙ አኦርታው ላይ ሊኖር ይችላል። ቀዶ ጥገና ከተደረገ ከተቆረጠው የሚወሰደው ናሙና ለጂን ኤክስፐርት (የቲቢ ጀርምን ዘረመል ለሚፈልግ ምርመራ)፣ ለካልቸር (ጀርሙን አሳድጎ ለማየት) እና ለፓቶሎጂ (ሥጋውን በማይክሮስኮፕ ለማየት) እንዲላክ ጠይቂ። ጂን ኤክስፐርት ጀርሙ ዋናውን የቲቢ መድኃኒት ሪፋምፒሲንን መላመዱንም ያሳያል።

መድኃኒቱ 2 ወር አራት ዓይነት ነው፤ ከዚያ ሪፋምፒሲንና አይሶናያዚድ ይቀጥላል። ለእንዲህ ያለው ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ከ6 ወር አልፈው ወደ 9 ወይም 12 ያስረዝሙታል። ሽንታቸው ብርቱካናማ ቢሆን አትደንግጪ፤ ከሪፋምፒሲኑ ነው።

እባክሽ ሪፈሩን አታቆዪው፤ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ድንገተኛ የደረት፣ የሆድ ወይም የጀርባ ሕመም ከመጣ፣ ደም ካስላቸው ወይም ራሳቸውን ከሳቱ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ። ያኔውኑ አምቡላንስ ጥሪ፤ ሲቲውንም ይዘሽ ሂጂ።