ሞተርሽ ሞክሼ አላት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። የምሠራው ሱሉልታ ዙሪያ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ነው። የምነዳት ሞተር ያማሃ ዲቲ 125 ናት። ከአንድ ከተዘጋ ፕሮጀክት ለመሥሪያ ቤታችን የተላለፈች ናት። ስትመጣ መጽሐፍ አልነበራትም፤ ታሪኳን የሚያውቅ ሰውም የለም። ሁለት ወር ሆናት፣ ዳገት ላይ ትታነቅብኛለች። ትጨሳለች። ካንዴላዋ በሳምንቱ ከሰል ይመስላል። አንዱ መካኒክ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ቀየረ። ሌላው ካርቡሬተሯን ፈትቶ አጠበ። በመጨረሻ በስልኬ «ዲቲ 125» የሚል የጥገና መጽሐፍ አገኘሁና በዚያ ልክ አሠራኋት። ጭራሽ ባሰባት። ደግሞ መጽሐፉ ስለ ራዲያተር ያወራል፤ የኔ ሞተር ላይ ራዲያተር አላየሁም። ትክክለኛ መረጃ ከየት ይገኛል? የማንን ልስማ?
ከሱሉልታ

መልስ፦ ደህና ነኝ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ትልቁ ነገር ያለው መጨረሻ ላይ ነው፤ ራዲያተሩ ላይ። አይተሽ ዝም ባለማለትሽ ደስ ብሎኛል።

ያገኘሽው መጽሐፍ የሞተርሽ አይደለም። የሞክሼዋ ነው። ያማሃ ዲቲ የሚለውን ስም የጀመረው በ1968 እ.ኤ.አ. በ250 ሲሲዋ ዲቲ 1 ነው። ከዚያ ወዲህ ስሙን የወረሱት ብዙ ናቸው። አውሮፓ ውስጥ ዲቲ 125 አር እየተባለች የተሸጠችው በውሃ የምትቀዘቅዝ ናት። እኛ በፕሮጀክትና በግብርና ቢሮ የምናውቃት ግን በአየር የምትቀዘቅዘው ናት። ሲሊንደሯን እይው፤ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩ ክንፎች አሉት። እነሱ ናቸው ራዲያተሯ። ሁለቱ ሞተሮች ስማቸው አንድ ነው እንጂ ሲሊንደራቸው፣ ካርቡሬተራቸው፣ የጄት (ቤንዚን የሚያልፍባት ባለቀዳዳ ብሎን) ቁጥራቸው ይለያያል። በአንዷ ልክ ሌላዋን ማስተካከል በጎረቤት መድኃኒት እንደመታከም ነው። ይህን አንቺ ከእኔ የበለጠ ታውቂዋለሽ። ለላም የታዘዘውን መጠን ለፍየል አትሰጪም።

ስለዚህ ከስሟ በፊት ቁጥሯን ፈልጊ። መሪው በሚገባበት የሻንሲ አንገት ላይ፣ በቀኝ በኩል፣ ብረቱ ላይ የተመታ ቁጥር አለ። ጭቃውንና ቅባቱን ቤንዚን በነካ ጨርቅ ጥረጊው። በቆዩት ያማሃዎች ከሰረዙ በፊት የሚገኙት ሦስት ምልክቶች (ቁጥር ወይም ፊደል) የሞዴሏ መለያ ናቸው። የሞተሩ ብሎክ ላይም መለያ ተመትቷል። ሁለቱ ካልተስማሙ ሞተሩ ከሌላ ሞተር ሳይክል የመጣ ነው፤ ከፕሮጀክት በሚተላለፉ ሞተሮች ላይ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ያኔ ለሞተሩ የሞተሩን መለያ፣ ለፍሬንና ለሹካው የሻንሲውን ተከተዪ። ረጅም የ17 ፊደል ቁጥር ካጋጠመሽ ደግሞ ወንበሩን አንሺና ከስር የተለጠፈውን ትንሽ ወረቀት እዪ። መለያው እዚያ ይኖራል።

እነዚያ ሦስት ምልክቶች በሩን ይከፍቱልሻል። የያማሃ መለዋወጫ ቁጥር የሚጀምረው በእነሱ ነው፤ ዕቃው መጀመሪያ የተሠራለትን ሞዴል ያሳያሉ። ቀጥሎ ያሉት አምስት ቁጥሮች የዕቃውን ዓይነት ይናገራሉ። የሚገርመው፣ መጽሐፉ ራሱ እንደ ዕቃ ቁጥር አለው። መሐሉ ላይ 28197 ካየሽ የመካኒክ የጥገና መጽሐፍ ነው። 28199 ከሆነ ለባለቤቱ የሚሰጠው ነው። ለአሜሪካ ገበያ የታተሙት ብቻ ሌላ አቆጣጠር አላቸው። ስለዚህ መጽሐፍ በስልክሽ ስታወርጂ ሽፋኑ ላይ ያለውን ስም አትመኚ። ያንን ቁጥር ፈልጊና ፊት ያሉት ሦስቱ ከሻንሲሽ ጋር መግጠማቸውን አረጋግጪ። ካልገጠሙ ዝጊው።

አንድ ነገር ግን አያስደንግጥሽ። ሞተርሽ ላይ መለያው የተለየ ዕቃ ልታገኚ ትችያለሽ። አንድ ኩሽኔታ ወይም አንድ ጓርኒሲዮን ለብዙ ሞዴል ስለሚሠራ ነው።

ከጥገናው መጽሐፍ ሌላ የዕቃ ካታሎግ የሚባል አለ። እኔ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል ካታሎጉን እመርጣለሁ። ዕቃዎቹ ተበታትነው፣ በቅደም ተከተል በአየር ላይ ተንሳፍፈው የሚታዩበት ስዕል ነው። እንግሊዝኛ የማያነብ መካኒክም ያነበዋል። የቷ ቀለበት ከየቷ ብሎን ስር እንደምትገባ፣ ምን እንደጎደለ ወዲያው ይታያል። ያማሃ የብዙ ሞዴሎቹን ካታሎግ በኢንተርኔት በነፃ ያሳያል። የሚያስፈልግሽን ገጽ ፎቶ አንሥተሽ ስልክሽ ውስጥ አስቀምጪ። መርካቶ ስትወርጂ «የዲቲ ፒስተን» አትበዪ። ቁጥሩን አሳዪ፣ አሮጌውን ዕቃ በእጅሽ ያዢ፣ ጎን ለጎን አስተያዪ።

አሁን ወደ ሕመሟ ልምጣ። ጥቁር ካንዴላ፣ ጭስ፣ ዳገት ላይ መታነቅ። ይህ ቤንዚን በዝቶባት አየር ያነሳት ሞተር ምልክት ነው። እናንተ ያላችሁት ወደ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። እዚያ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል ይሳሳል። ካርቡሬተር ደግሞ ይህን አያውቅም፤ ቤንዚኑን እንደ ለመደው ያፈሳል።

መጀመሪያ ግን ጄት አታስነኪ። የአየር ማጣሪያዋን አውጪ። እነዚያ የሲሚንቶና የድንጋይ መኪኖች የሚያነሱትን አቧራ ስትከተይ ነው የምትውዪው። ስፖንጁን በላምባ፣ ከዚያ በሳሙና እጠቢው። ሲደርቅ ዘይት አጠጪውና ጨምቂው። ዘይቱን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ዘይት የሌለው ስፖንጅ ደቃቁን አቧራ ያሳልፋል፤ የተቀየረው ፋሻሽም በወራት ያልቃል። በብርድ ለማስነሣት የሚሳበው ቾክ ሙሉ በሙሉ መመለሱንም እዪ።

ካልተሻላት ወደ ካርቡሬተሯ መርፌ ሂጂ። ጫፏ ላይ ትንሽ ቀለበት የምትያዝባቸው ጎድጎድ ያሉ መስመሮች አሉ። ቀለበቷን አንድ ደረጃ ወደ ላይ ማድረግ መርፌዋን ዝቅ ያደርጋታል፤ ቤንዚኑ ይቀንሳል። ከዚያ በኋላ ነው ዋናዋ ጄት፣ ቀዳዳ ያላት ትንሿ የናስ ብሎን። ቁጥሯ ጎኗ ላይ ተጽፏል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቤንዚኑ ያንሳል። አንድ ደረጃ ብቻ ለውጪና ሞክሪ። ሁለት ነገር ባንድ ቀን ከለወጥሽ የትኛው እንዳዳናት አታውቂም።

መሞከሪያው እንዲህ ነው። ዳገት ላይ ጋዝ ሰጥተሽ ትንሽ ውጪ። ከዚያ ፍሪሲዮን ይዘሽ ሞተሩን አጥፊና መንገድ ዳር ቁሚ። ሲበርድልሽ ካንዴላውን ፍቺ። የቀረፋ ቀለም ካለው ደህና ናት። ከሰል ከሆነ ቤንዚን በዝቷል። አመድ መስሎ ከነጣ ግን አትንጃት፤ ቤንዚን አንሷታል፣ ትቃጠላለች።

ይህን የምለው ደርሶብኝ ነው። ወጣት ሳለሁ የአንድ ፕሮጀክት ሞተሮች ይዤ ነበር። ለደጋው እንድትመች ብዬ የአንዷን ጄት አሳነስኩ። የጄቱን ቁጥር የነገረኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ መጽሐፍ አላየሁም። እንጦጦን እንደ ፍየል ወጣች። በሳምንቱ ሥራ ወጣና በእሷው ወደ አዋሽ ወረድኩ። ቆላው ላይ አየሩ ወፈረ፣ ቤንዚኑ አነሰ፣ ሙቀቱ ተጨመረበት። መተሐራ ሳልደርስ ሞተሩ ጭጭ አለ፤ የኋላ ጎማው አስፋልት ላይ ተጎተተ። አልወደቅኩም፣ ግን እጄ እስከ ማታ ይንቀጠቀጥ ነበር። ፒስተኑ ሲወጣ ጎኑ ተፍቆ ነበር። ስለዚህ አደራ፣ ያወጣሽውን አሮጌ ጄት በትንሽ ላስቲክ ጠቅልለሽ ከመፍቻሽ ጋር አስቀምጪ። ወደ ቆላ ከመውረድሽ በፊት መልሺው።

ሌላ የምጠረጥረው አለ። የጋዝ ገመዷ መሐል ላይ ሁለት ትሆናለች። አንዷ ወደ ካርቡሬተር፣ ሌላዋ ከቤንዚኑ ጋር የሚቃጠለውን ዘይት ወደሚልከው የዘይት ፓምፕ ትሄዳለች። ካርቡሬተሩን ያጠበው ሰው መልሶ ሲገጥም የፓምፑን ምልክት ካላስተካከለ ዘይት ይበዛል፣ ጭሱም ይበዛል። ዘይቱ ካነሰ ደግሞ ሞተሩ ይደርቃል፤ ይሄኛው የከፋ ነው። ምልክቶቹ የት ላይ መገጣጠም እንዳለባቸው ትክክለኛው መጽሐፍ በስዕል ያሳይሻል። ይህን ሳታረጋግጪ ረጅም መንገድ አትሂጂ።

ስለ ካቻቢቴም ልንገርሽ፣ ማንም አይነግርሽምና። የጃፓን ሞተሮች የመስቀል ብሎን ከተለመደው ጋር አንድ ይመስላል፣ ግን አይደለም። በተለመደው ካቻቢቴ ሲያጠብቁት ይሾልካል፣ ራሱ ይበላል። ለጃፓን ብሎን የሚሆን ካቻቢቴ አለ፤ አንዱን ግዢ።

ሁሉም ተስተካክሎ ሞተሯ እንደ ድሮው ካልሮጠች አትዘኚ። በዚያ ከፍታ ጉልበቷ በሩብ ያህል ይቀንሳል፤ የትኛውም መካኒክ አይመልሰውም። ዳገት የሚያግዛት የፊተኛውን ትንሽ የካቴና ጥርስ በአንድ ጥርስ ማሳነስ ነው። ሜዳ ላይ ፍጥነት ትቀንሳለች፣ ጭቃና ዳገት ላይ ግን ትመቸሻለች።

የማንን ልስማ ላልሽው፣ ከመፍታቱ በፊት የሚጠይቅሽን ስሚ። መቼ ጀመራት? ሲበርዳት ነው ሲሞቃት? ከዚያ በፊት ማን ነካት? እነዚህን ሳይጠይቅ መፍቻ የሚያነሣ ሰው ሞተርሽን ገና አላያትም። ፋሻ የቀየረልሽንም ሲሊንደሩን ለክቶት እንደሆነ ጠይቂው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በቻይና የተሠራች የኮረኮንች ሞተር አለችኝ። በስሟ ብፈልግ አንድም መጽሐፍ አጣሁ። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ነው የምነዳት። ከክረምቱ ወዲህ ሃያ ደቂቃ ሄዳ ትጠፋለች። ትንሽ ካረፈች ትነሣለች። ሞተሩ ላይ 156 ኤፍኤምአይ ይላል።
ከገላን

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጋኑ ላይ ያለውን ስም ተወው። ሞተሩ ላይ ያነበብከው ነው የሚጠቅምህ። አንዱ ባለ አንድ ሲሊንደር ማለት ነው፣ 56ቱ የፒስተኑ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፣ የመጨረሻዋ ፊደል የ125 ሲሲ ምድብ ናት። ይህን መለያ የያዙ ብዙዎቹ ሞተሮች የሆንዳ ሲጂ 125 ዝርያዎች ናቸው። ሲጂ 125 በ1976 እ.ኤ.አ. የወጣች፣ ባልቦላዋን በዘንግ የምትገፋ ጠንካራ ሞተር ናት። ያንተም እንደዚያ ከሆነች፣ ሲሊንደሯ አጠገብ ዘንጎቹ የሚያልፉበትን ቦታ መካኒክ ያሳይህ። ለሞተሩ ክፍል የሲጂ 125 መጽሐፍ ብዙ ይረዳሃል። ለሻንሲውና ለሾካምሶርበሩ ግን አትጠቀምበት።

ስለ መጥፋቷ፣ ሞተሩን ከመክፈትህ በፊት የቤንዚን ጋኑን ክዳን ተመልከት። ክዳኑ አየር የሚያስገባባት ቀጭን ቀዳዳ አለችው። የክረምት ጭቃ ከደፈናት ቤንዚኑ ሲቀንስ ጋኑ አየር ያጣል፣ ቤንዚኑ መውረድ ያቆማል። ስታርፍ ቀስ ብሎ አየር ይገባና ትነሣለች። በሚቀጥለው ስትጠፋ ወዲያው ክዳኑን ክፈት። ፉ ብሎ አየር ከሳበና ከተነሣች፣ ቀዳዳዋን በቀጭን ሽቦ ጥረግ። ካልሳበ እዚያው ቆመህ፣ ሳትበርድ፣ የቤንዚን ሽታ ከሌለበት ራቅ ብለህ ካንዴላውን ፍታና ብረት አስነክተህ እሳት ይሰጥ እንደሆነ እይ። ሞቃ እያለች እሳት ከሌላት ለካንዴላው እሳት የሚልከውን ቦቢናዋን ነው የምጠረጥረው። ቤቷ ደርሳ ከበረደች በኋላ ብትፈትሽ እሳቱ ተመልሶ ታገኘዋለህ፣ ምንም አይታይህም። ስለዚህ መፍቻውን ይዘህ ውጣ።