ጥያቄና መልስ፦ የሜሪላንድ ሴሽን ሳያልቅ ለዴሊጌታችሁ (ለስቴት ምክር ቤት ተወካያችሁ) ምን፣ መቼ፣ እንዴት ትጽፋላችሁ?

መላሽ፦ የዘንድሮው የ2026 ሴሽን (የስቴቱ ምክር ቤት ሕግ ለማውጣት የሚሰበሰብበት ወቅት) ጃንዋሪ 14 ተከፍቷል፤ 90 ቀን ሲሞላ ኤፕሪል 13 እኩለ ሌሊት ላይ ይዘጋል። ከጥያቄው በፊት አንድ አደራ፦ ለቢሮ ኢሜይል ስትልኩ ሙሉ የቤት አድራሻችሁን ከነዚፕ ኮዱ ጻፉ። በእነዚህ ወራት ከየአቅጣጫው የሚመጣው ኢሜይል ብዙ ነው፤ ሠራተኛው መጀመሪያ የሚያየው ጸሐፊው የዲስትሪክቱ ነዋሪ መሆን አለመሆኑን ነው። አድራሻ የሌለው ወደ ኋላ ይቀራል።

የጆርጂያ አቬኑ ጎረቤት፦ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምንኖረው። ተወካያችን ማን ነው?

መላሽ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ የፖስታ አድራሻ እንጂ ዲስትሪክት አይደለም። ሁለት ሰዎች ፖስታ ላይ ሲልቨር ስፕሪንግ ብለው እየጻፉ ተወካዮቻቸው ሊለያዩ ይችላሉ። የምክር ቤቱ ድረ ገጽ ላይ አድራሻችሁን አስገቡ፤ ስማቸው ይወጣል። ስቴቱ 47 ዲስትሪክት አለው፤ ለእያንዳንዱ አንድ ሴናተርና ሦስት ዴሊጌት። ስለዚህ የምትጽፉት ለአራት ሰው ነው። አንድ ዴሊጌት ዝም ስላለ ተስፋ የሚቆርጥ ሰው ሌሎቹን ሦስት ረስቷቸዋል ማለት ነው።

ተስፋ፦ የወንድሜ ግሪን ካርድ ሁለት ዓመት ቆየ። ዴሊጌቱ ሊያፋጥንልኝ ይችላል?

መላሽ፦ አይችልም። ኢሚግሬሽን የፌዴራል ጉዳይ ነው። ለኮንግረስ አባላችሁ ቢሮ ጻፉ።

እናት ጌይተርስበርግ፦ እሺ፣ የስቴት ተወካይ ቢሮ በምን ይረዳል ታዲያ?

መላሽ፦ በስቴት መሥሪያ ቤቶች ጉዳይ። የሥራ አጥ ክፍያ ሲቆም፣ ሜዲኬይድ ሲቋረጥ፣ ኤምቪኤ (የስቴቱ የመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤት) መንጃ ፈቃድ ሲይዝ፣ የነርስነት ላይሰንስ ሲጓተት፣ የስቴት ታክስ ተመላሽ ሲጠፋ። የመሥሪያ ቤቱን ስም፣ የኬዝ ቁጥራችሁን፣ መቼ እንዳመለከታችሁ፣ የመጨረሻው ደብዳቤ ምን እንደሚልና የምትፈልጉትን ውጤት በአንድ ገጽ ጻፉ። ደብዳቤውን በፎቶ አያይዙ። ቢሮው የፈቃድ ቅጽ ሊያስፈርማችሁ ይችላል፤ ያለ እናንተ ፊርማ መሥሪያ ቤቱ ስለ ፋይላችሁ አይናገርም። ከዚያ ሠራተኛው በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ለምክር ቤት ጉዳይ የተመደበውን ሰው ያነጋግራል። ፋይሉ የት እንደቆመ ይጠይቃል እንጂ “ፍቀዱለት” ብሎ አያዝም። ፍርድ ቤት ያለ ጉዳይም ውስጥ አይገባም።

አንድ ነገር እለምናችኋለሁ፦ ደብዳቤው ላይ የይግባኝ ቀነ ገደብ ካለ የቢሮውን መልስ ሳትጠብቁ ይግባኙን አስገቡ። ዴሊጌቱ እየረዳን ነው ብለው ሲጠብቁ ቀኑ ያለፈባቸው ሰዎች ይኖራሉ፤ ያለፈውን ቀን የትኛውም ተወካይ አይመልሰውም።

ዊተን 12፦ ስለ ኪራይ ምን እየተሠራ ነው?

መላሽ፦ የቢሉን (የረቂቅ ሕጉን) ቁጥር ጻፉ። የሞንጎመሪ የኪራይ ጭማሪ ገደብ በ2023 የጸደቀው በካውንቲ ምክር ቤት ነው፤ እሱ የሚሰበሰበው ሮክቪል ነው፣ የስቴቱ ምክር ቤት ባለበት አናፖሊስ አይደለም። ከቤት የማስወጣት ሂደት ግን የስቴት ሕግ ነው። የትኛውን ነው የጠየቁት?

ሰላማዊት20፦ ለአንድ ቢል ምስክርነት መስጠት እፈልጋለሁ፤ ዜጋ አይደለሁም። ይፈቀዳል? እንዴትስ ይጻፋል?

መላሽ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ይፈቀዳል፤ ዜግነት የሚጠይቃችሁ የለም። በሜሪላንድ ኮሚቴ ፊት የሚቀርበው ምስክርነት የመራጩ ትልቁ መሣሪያ ነው፤ ሕዝባችን ግን እምብዛም አይጠቀምበትም።

በመጀመሪያ የምክር ቤቱ ድረ ገጽ ውስጥ ባለው ማይኤምጂኤ በሚባለው ክፍል አካውንት ክፈቱ። ምዝገባው ከሂሪንጉ (ኮሚቴው ምስክርነት ከሚሰማበት ስብሰባ) አንድ ወይም ሁለት የሥራ ቀን በፊት ለጥቂት ሰዓት ብቻ ይከፈታል፤ ሰዓቱ በኮሚቴው መመሪያ ላይ አለ። በዕለቱ መጥቶ መመዝገብ አይቻልም፤ ሰው በብዛት የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። ስትመዘገቡ ከአራት አንዱን ትመርጣላችሁ፦ ድጋፍ፣ ከማሻሻያ ጋር ድጋፍ፣ ተቃውሞ፣ ወይም መረጃ ብቻ። ጽሑፉ በፒዲኤፍ ይላካል።

ከመጻፋችሁ በፊት ከቢሉ ጋር የሚወጣውን የፊስካል ማስታወሻ አንብቡ። ቢሉ አሁን ያለውን ሕግ ምን እንደሚለውጥና ምን ያህል ወጪ እንዳለው በቀላል ቋንቋ ያስረዳል። ጽሑፋችሁ ከአንድ ገጽ አይብለጥ። የመጀመሪያው መስመር የቢሉ ቁጥርና አቋማችሁ፤ ሁለተኛው ማን እንደሆናችሁ፤ ከዚያ ቢሉ እናንተን የሚነካበት አንድ ቁጥር ያለው ነገር። ለምሳሌ፦ “የቤት ለቤት ተንከባካቢ ነኝ። በሳምንት ለ46 ሰዓት ሥራ የሚከፈለኝ የ40 ሰዓት ነው።” ይህ “ሠራተኛው እየተጎዳ ነው” ከሚል ገጽ ሙሉ ጽሑፍ ይበልጣል። በቃል የሚሰጣችሁ ብዙ ጊዜ ሁለት ደቂቃ ነው፤ ጽሑፉን አታንብቡት፣ ያችን አንድ ነገር ተናገሩ።

ጥንቃቄ፦ ለቢሮ በሚላክ ኢሜይል ሙሉ አድራሻ ጻፉ ብያለሁ። ምስክርነት ግን ድረ ገጹ ላይ ለሁሉም ይታያል። እዚያ ከተማችሁን ብቻ ጻፉ። ስልክ፣ የልጆች ስም፣ የኬዝ ቁጥር አታስገቡ።

ጋሽ ንጉሤ፦ ይሄ ሁሉ ከሚሆን በየቤተ ክርስቲያኑ ፊርማ ሰብስበን፣ ሦስት የተከበሩ ሽማግሌዎች ይዘው ቢሄዱስ? የእኛ ወግ ይሄ ነው።

ሰላማዊት20፦ ጋሽ ንጉሤ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ፊርማው ከየዲስትሪክቱ የተደባለቀ ነው። ማን የማን መራጭ እንደሆነ አይታወቅም።

ጋሽ ንጉሤ፦ አንቺ ልጅ፣ አምስት መቶ ሰው ሲፈርም ዝም ይባላል?

የጆርጂያ አቬኑ ጎረቤት፦ እውነት ነው፣ ሽማግሌ ይከበራል። ግን ሽማግሌዎቹ ከኮሚቴው ድምፅ በኋላ ቢደርሱ ምን ዋጋ አለው?

መላሽ፦ ጋሽ ንጉሤ፣ ሽማግሌዎቹ ይሂዱ፣ ጥሩ ነው። ግን ከኮሚቴው ድምፅ በፊት፣ ከመካከላቸውም ቢያንስ አንዱ የዚያው ዲስትሪክት ነዋሪ ሆነው፣ የቢሉን ቁጥር በወረቀት ይዘው። ፊርማውን በዲስትሪክት ለዩት፤ ከ500 የተደባለቀ ፊርማ ከአንድ ዲስትሪክት የመጣ 30 ይሻላል። አናፖሊስ ለመሄድ የፎቶ መታወቂያ ይያዙ፤ መኪናውን የባሕር ኃይሉ ስታዲየም አቁመው በሸትል ይግቡ። ቀጠሮውን ከቢሮው ሠራተኛ ጋር ያዙ። ዴሊጌቱ ወደ ምልዓተ ጉባኤ ተጠርቶ ሠራተኛው ቢቀበላቸው እንደ ንቀት አይቁጠሩት፤ ማስታወሻውን የሚጽፈው እሱ ነው።

ዳዊት ሎረል፦ የማኅበራችን እራት ላይ ሴናተሩን ጋብዘን ለምርጫው ቼክ ብንሰጠውስ? ዘንድሮ ምርጫ ነው።

መላሽ፦ አይሆንም! በሴሽን ጊዜ የስቴት ተወካዮች የምርጫ ገንዘብ እንዳይሰበስቡ ሕግ ይከለክላል። እራቱ ላይ ይምጣ፣ ስለ ቼክ ግን አታንሱ። ችግር ውስጥ የምትከቱት እሱን ነው።

ብርሃኔ፦ የባለቤቴ ኢሚግሬሽን ፋይል...

መላሽ፦ ከላይ መልሻለሁ። ፌዴራል ነው፤ ኮንግረስ።

እናት ጌይተርስበርግ፦ ልጄ 12ኛ ክፍል ነው። የተወካዮች ስኮላርሺፕ አለ ይባላል?

መላሽ፦ አለ፣ ብዙ ቤተሰብ ሳያውቀው ያልፈዋል። ሴናተሩም ዴሊጌቶቹም ለዲስትሪክታቸው ተማሪዎች የሚሰጡት የስቴት ገንዘብ ነው። ፋፍሳውን (የፌዴራል የተማሪ እርዳታ ማመልከቻውን) እስከ ማርች 1 ሙሉ፤ ለፌዴራል እርዳታ ብቁ ያልሆነ ተማሪ የሜሪላንዱን የራሱን ማመልከቻ ይሙላ። ከዚያ ለሴናተሩና ለሦስቱም ዴሊጌት ቢሮ በየብቻው ጠይቁ። አንዱ የራሱ ቅጽና ድርሰት ይፈልጋል፤ ሌላው ምርጫውን ለስቴቱ የተማሪ እርዳታ ቢሮ ይተዋል። ቀነ ገደባቸውም ይለያያል። ፋፍሳ ሞልቶ ለቢሮው ያልጻፈ ልጅ ግማሹን ነው የሠራው። የቤት አድራሻውን እንዳትረሱ፤ ዲስትሪክቱ የሚለየው በእሱ ነው።

ዊተን 12፦ የምደግፈው ቢል ሐውሱን (የዴሊጌቶቹን ምክር ቤት) አልፏል። አሁን ምን ላድርግ?

መላሽ፦ አሁንም ቁጥር የለም። ለማንኛውም፦ አንዱ ምክር ቤት ያሳለፈውን ቢል ሌላው በወጉ እንዲቀበለው በ69ኛው ቀን፣ ዘንድሮ ማርች 23፣ መድረስ አለበት። በሴኔቱ ኮሚቴ እንደገና ሂሪንግ አለው፤ የሐውሱ ምስክርነት አብሮት አይሄድም። እንደገና ተመዝግባችሁ እንደገና ላኩት። የራሳችሁ ሴናተር በዚያ ኮሚቴ ከሌሉ “የኮሚቴውን ሰብሳቢ አነጋግሩልኝ” ብላችሁ ጻፉላቸው፤ ከነአድራሻችሁ፣ ከነቢሉ ቁጥር።