ማሰብ የሚበጀው እስከ የት ድረስ ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ የምኖረው ጅማ ቆጪ ሰፈር ሲሆን በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ችግሬ ትንሹንም ትልቁንም ነገር ለመወሰን ከልክ በላይ ማሰቤ ነው። ማቀዝቀዣ ልገዛ ካሰብኩ ወራት አልፈዋል፤ እዚሁ ጅማ መርካቶ ያሉትን ሱቆች ደጋግሜ ዞሬአለሁ፣ አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቼንም ዋጋ አስጠይቄአለሁ፤ እስከ ዛሬ ግን አልገዛሁም። ይህስ ቀላሉ ነው። እናቴ ጎማ ወረዳ ውስጥ የቡና ማሳ አላት፤ መኸር በደረሰ ቁጥር ቡናው በእሸቱ ይሸጥ ወይስ ደርቆ በጀንፈል ይቆይ ብላ የምትጠይቀው «አንቺ ተምረሻል» የምትለኝን እኔን ነው። ባለፈው መኸር እዚህም እዚያም እየደወልኩ ዋጋ ሳጠያይቅ የተለቀመው ቡና በጆንያ እንዳለ አደረና ሞቆ ስለተገኘ ገዢው ዋጋውን ሰብሮ ወሰደው። ታናሽ ወንድሜ «ማሰብ ስለምታበዢ ነው፤ ልብሽ ያለሽን አድርጊ» ይለኛል። እናቴ ግን ከዚያም በኋላ «አሥር ጊዜ ለክቶ አንድ ጊዜ መቁረጥ ነው» ባይ ናት። ለመሆኑ ብዙ ማሰብ ለዕለት ተዕለት ውሳኔ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል? ከሁለቱስ የማንን ልስማ?

መልስ፦ ከቡናው እንጀምር። ቀይ ፍሬ ከተለቀመበት ሰዓት ጀምሮ መሞቅና መብላላት ስለሚጀምር፣ ወደ ማጠቢያ ጣቢያ የሚሄድ ከሆነ በዚያው ቀን መፈልፈል፣ የሚደርቅ ከሆነም ሳይውል ሳያድር በማድረቂያ አልጋ ላይ ስስ ተደርጎ መሰጣት ይኖርበታል። ስለዚህ በዚያ ቀን በእርስዎ እጅ የነበረው ምርጫ ሁለት ሳይሆን ሦስት ነበር፤ እሸቱን መሸጥ፣ ማድረቅ፣ ወይም በጆንያ ማሳደር። ሦስተኛውን የመረጠው ሰው የለም፤ ነገር ግን ሁለቱ ሲመዛዘኑ ጊዜው አለቀና የተፈጸመው እሱ ሆነ። አለመወሰን ዋጋ የማያስከፍል መጠበቂያ ስፍራ ይመስለናል፤ በእሸት ቡና ላይ ግን ዋጋው በማግስቱ በዓይን ይታያል።

ቀጥሎ መለየት የሚገባው፣ እርስዎ ሲብሰለሰሉባቸው ከነበሩት ነገሮች የትኞቹ በማሰብ የሚታወቁ፣ የትኞቹ ደግሞ ቢያስቡም ባያስቡም የማይታወቁ እንደሆኑ ነው። እናትዎ የማድረቂያ አልጋ አላቸው ወይ? ፍሬውን ለሁለት ሦስት ሳምንታት የሚያገላብጥ፣ ዝናብ ሲመጣም ሮጦ የሚሸፍን ሰው ቤት ውስጥ አለ ወይ? ጀንፈሉ የሚቀመጥበት ደረቅ ቦታስ? የለቃሚዎቹ ክፍያና የቤቱ ወጪ እስከ ጥር ወይም የካቲት ድረስ ያስጠብቃል ወይ? እነዚህ ሁሉ አንድ ምሽት ከእናትዎ ጋር ቁጭ ብለው ቢመክሩባቸው መልስ የሚያገኙ ናቸው። ስሌቱም ሩቅ አይደለም፤ በግምት 6 ኪሎ እሸት፣ ወይም 2 ኪሎ ጀንፈል፣ 1 ኪሎ ንጹሕ ቡና ይወጣዋልና፣ 3 ኪሎ እሸት የሚሸጥበት ዋጋ ከ1 ኪሎ ጀንፈል ዋጋ ጋር ይነጻጸራል፤ የማድረቂያው ድካምና ወጪም ከዚያ ላይ ይቀነሳል። ለሒሳብ ሠራተኛ ይህ የሻይ ሰዓት ሥራ ነው።

የጀንፈል ዋጋ ከሦስት ወር በኋላ ስንት ይገባል የሚለው ጥያቄ ግን የዚህ ዓይነት አይደለም። የዓረቢካ ቡና የዓለም ዋጋ የሚጠቀሰው በኒው ዮርክ ገበያ ነው፤ የሚናወጠውም በአብዛኛው ብራዚል ላይ በሚዘንበው ወይም በማይዘንበው ዝናብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 የብራዚልን የቡና እርሻዎች ውርጭ ሲመታቸው ዋጋው እጅግ ናረ፤ ይህንንም ቁጭ ብሎ በማሰብ አስቀድሞ ሊያውቅ የሚችል ሰው አልነበረም፣ ሥራቸው ገበያን መከታተል የሆነውም ጭምር። እርስዎ ስልክ ደጋግመው በመደወል ሲፈልጉት የነበረው እንዲህ ያለውን እውቀት ነው፤ አሥረኛው ሰው የነገረዎት ግምትም ከመጀመሪያው ሰው ግምት የተሻለ አልነበረም። ሊታወቅ በማይችል ነገር ላይ የሚበጀው አሳብን ማራዘም ሳይሆን ምርቱን መከፋፈል ነው፤ ለለቃሚና ለቤት ወጪ የሚበቃውን ያህል በእሸቱ ሸጦ ቀሪውን ማድረቅ። ዋጋው ቢወድቅ ሁሉም አልወደቀ፤ ቢወጣም ሁሉም አላመለጠ። ይህ ደግሞ ፍሬው ገና ዛፉ ላይ ሳለ፣ በመስከረም፣ ተመክሮበት የሚያልቅ ጉዳይ ነው፤ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ጆንያው ሲሞላ የሚቀረው ሥራ መጫንና ማስጣት ብቻ ይሆናል።

ይህን ስል ረጅም ማሰብን የማጣጥል እንዳይመስልብኝ። እናትዎ ነገ ያረጀውን ቡና ነቅለው አዲስ ልተክል ነው ቢሉዎት ወራትን አይደለም ዓመትን ቢያስቡበት አልፈርድብዎትም፤ ቡና ተተክሎ ፍሬ እስኪሰጥ ሦስት አራት ዓመት ይፈጃል፣ ከዚያም ለአሥርት ዓመታት በማሳው ላይ ይኖራል። ጅማ አጠገብ ባለው በመልኮ የግብርና ምርምር ማዕከል የተሠራውን ያስቡ። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ውስጥ ሲታይ ተመራማሪዎች በሽታውን የሚቋቋሙ የእናት ዛፎችን ከየጫካውና ከየማሳው መፈለግ ጀመሩ። ዛሬ ብዙ ገበሬ በቁጥራቸው የሚያውቃቸው 74110 እና 74112 የመሳሰሉት ዝርያዎች የዚያ ፍለጋ ውጤቶች ናቸው፤ በቁጥሩ መነሻ ላይ ያለው 74 የተመረጡበትን ዓመት፣ እ.ኤ.አ. 1974ን፣ ያመለክታል። ከምርጫው እስከ ሥርጭቱ ዓመታት ቢያልፉም «ብዙ አሰቡ» ብሎ የሚወቅሳቸው የለም፤ ምክንያቱም በእያንዳንዱ ወቅት ሚዛኑ ላይ የሚጨመር አዲስ ነገር ነበር። ዛፉ በበሽታው ይፈተናል፣ ችግኙ ይተከላል፣ ምርቱ ይመዘናል። የእርስዎን አሳብ የምመዝነው በዚሁ ነው። ዛሬ ማታ ስለ ማቀዝቀዣው ሲያስቡ፣ ትናንት ያላወቁት ምን አዲስ ነገር ገባ? ምንም ካልገባ እያሰቡ ሳይሆን እየዞሩ ነው።

ስለ ማቀዝቀዣው ካነሳን ዘንድ፣ ሙያዎ እዚህ ላይ አንድ እጅ ያለበት ይመስለኛል። በሒሳብ መዝገብ ላይ ትክክለኛ መልስ አለ፤ ሳንቲም ከጎደለ እስኪገኝ ድረስ ይፈለጋል፣ መፈለግም ያስመሰግናል። መርካቶ ካሉት ማቀዝቀዣዎች መካከል ግን ተፈልጎ የሚገኝ አንድ ትክክለኛ ማቀዝቀዣ የለም። እርስዎ የቢሮውን ልማድ ወደ ሱቁ ይዘውት ስለሄዱ ሊዘጋ የማይችል ሒሳብ ለመዝጋት እየደከሙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ኸርበርት ሳይመን፣ የሰው ጊዜና የማወቅ አቅም ውስን በመሆኑ ከሁሉ የሚበልጠውን ከመፈለግ ይልቅ አስቀድሞ የበቂነት መስፈርት አውጥቶ መስፈርቱን ያሟላውን የመጀመሪያ ነገር መያዝ ምክንያታዊ አካሄድ እንደሆነ ያስተማረው ከዚህ በመነሣት ነበር። በእርስዎ ጉዳይ መስፈርቱ ሦስት ነገር ቢሆን ይበቃል፤ የገንዘቡ ጣሪያ፣ የቤተሰቡን ብዛት የሚመጥን መጠን፣ ሲበላሽ እዚሁ ጅማ ውስጥ የሚጠግነው ሰው መኖሩ። ሦስቱን ያሟላውን ካገኙ፣ ቀጣዩን ሱቅ አይግቡ።

«ከዚያ የተሻለ ቢያመልጠኝስ?» ማለትዎ አይቀርም። አዎን፣ ሊያመልጥዎት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ አንድ ጥናት ትምህርታቸውን ጨርሰው ሥራ የሚፈልጉ የአሜሪካ ኮሌጅ ተማሪዎችን ተከታትሎ ነበር። ከሁሉ የሚበልጠውን ካላገኘሁ የሚሉት ተማሪዎች በቂውን ይዘው ከሚያርፉት ይልቅ በ20 በመቶ ገደማ የሚበልጥ የመነሻ ደመወዝ ያለው ሥራ አገኙ፤ ሆኖም ባገኙት ሥራ የነበራቸው እርካታ ከእነዚያ ያነሰ፣ በፍለጋው ወቅት የተሰማቸው ጭንቀትም የበለጠ ነበር። በደመወዝ ላይ 20 በመቶ ቀላል አይደለምና እዚያ ላይ መጨነቁ ዋጋ አለው የሚል ሰው ቢመጣ አልከራከረውም። በአንድ ማቀዝቀዣ ላይ ግን ልዩነቱ፣ ወራት ሙሉ ወተቱና ወጡ ሲበላሽ ከወጣው ገንዘብ ያንሳል።

ወደ ወንድምዎ ምክር ስንመጣ፣ ነገሩ ከሚመስለው የተሻለ መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ1991 ቲሞቲ ዊልሰንና ጆናታን ስኩለር የተባሉ ተመራማሪዎች፣ ባለሙያ ቀማሾች አስቀድመው ደረጃ ያወጡላቸውን አምስት ዓይነት የእንጆሪ ማርማላታ ለተማሪዎች አስቀመሱ። ቀምሰው ብቻ ደረጃ የሰጡት ከባለሙያዎቹ ጋር የተቀራረበ ፍርድ ሲሰጡ፣ የወደዱበትንና የጠሉበትን ምክንያት በጽሑፍ እንዲተነትኑ የታዘዙት ግን ከባለሙያዎቹ ፍርድ ራቁ። ሰው ምክንያት አምጣ ሲባል የሚያመጣው ለመናገር የሚቀለውን ነው፤ ለመናገር የሚቀለው ሁሉ ደግሞ ዋናው አይደለም። ከዚህም የሚገርመው አንቶኒዮ ዳማሲዮ የተባለው የነርቭ ሐኪም ያስተዋለው ነው። የፊተኛው የአንጎል ክፍሉ ተጎድቶ ስሜቱ የቀዘቀዘ፣ የማመዛዘን ችሎታው ግን ያልተነካ አንድ ሕመምተኛ ከሁለት የቀጠሮ ቀናት አንዱን እንዲመርጥ ቢጠየቅ፣ የቀን መቁጠሪያውን ይዞ ሌሎች ቀጠሮዎቹን፣ የአየሩን ሁኔታ፣ የመጣለትን ሁሉ እያነሳ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየ። ሐኪሙ በመጨረሻ «በሁለተኛው ቀን ይምጡ» ሲለው «ጥሩ» ብሎ ሄደ። ማመዛዘን ብቻውን የሚያቆምበትን አያውቅም፤ ይበቃል የሚለው ስሜት ነው።

ይሁን እንጂ «ልብሽ ያለሽን» ለሁሉም ነገር የሚሠራ አይደለም። ልብ የሚያውቀው የኖረበትን ነው። እናትዎ ዘመናቸውን ሙሉ ፍሬውን በእጃቸው ሲዳብሱ ኖረዋልና፣ «ይህ ዛሬ ካልተሸጠ አይሆንም» ቢሉ እርስዎ ከሰበሰቡት የስልክ መረጃ ይልቅ የእሳቸውን ግምት እመርጣለሁ። «አንቺ ተምረሻል» ብለው ውሳኔውን ለእርስዎ መተዋቸውም ለእኔ አክብሮት ብቻ ሳይሆን ሥራውን ያለቦታው መስጠት መስሎ ይታየኛል፤ እርስዎ ስሌቱን ይሥሩላቸው፣ ፍሬውን እሳቸው ይዩት። ተረታቸውንም ቢሆን ልብ ብለው ያድምጡት፤ አሥር ጊዜ ለኩ ይላል እንጂ አሥራ አንደኛውን አይጨምርም።

ጥያቄ፦ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። እኔን የሚያስቸግረኝ ከመወሰኔ በፊት ያለው ሳይሆን ከወሰንኩ በኋላ ያለው ነው። ትምህርት ክፍል ከመረጥኩ በኋላ «ሌላውን ብመርጥ ኖሮ» እያልኩ ሌሊት እንቅልፍ አጣለሁ። ይህም ብዙ ማሰብ ይባላል? መፍትሔውስ ምንድን ነው?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ያንተ ከላይኛዋ እህታችን ጉዳይ የተለየ ነው። የእሷ አሳብ መነሻው ገና ያልተወሰነ ነገር ነው፤ ያንተ ግን ወዳለቀ ነገር እየተመለሰ ነው። ሱዛን ኖለን-ሆክሴማ የተባለችው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ብዙ ዓመታት ያጠናችው ይህንኑ ማብሰልሰል ሲሆን፣ «ለምን እንዲህ አደረግሁ» እያሉ በራስ ስሜት ላይ መመላለስ ችግር የመፍታት አቅምን እንደሚያዳክምና የተከፋ ሰው ከመከፋቱ ቶሎ እንዳይወጣ እንደሚያደርገው አሳይታለች። ስለዚህ አስቀድመህ ነገሩ በእርግጥ ያለቀ መሆኑን አረጋግጥ። ወደ ሬጅስትራር ቢሮ ሄደህ ትምህርት ክፍል መቀየር ይቻል እንደሆነና እስከ መቼ እንደሆነ ጠይቅ። ከተቻለ የቀረህ ውሳኔ አለና በቀን፣ በወረቀት ላይ አስብበት። ካልተቻለ የማሰብ ሥራው አልቋል፤ የቀረው ጸጸት ነው።

ጸጸት ደግሞ ተው ስላሉት አይተውም። እ.ኤ.አ. በ1983 ቶማስ ቦርኮቬክና ባልደረቦቹ የሞከሩት ዘዴ ይህን ግምት ውስጥ ያስገባ ነው። በየቀኑ በአንድ ቦታና በአንድ ሰዓት ግማሽ ሰዓት ለጭንቀት ይመደባል፤ ከዚያ ውጭ አሳቡ ሲመጣ አይባረርም፣ ለዚያ ሰዓት ይቀጠራል። ሰዓቱን ከእራት በፊት አድርገው፤ ቦታውም አልጋህ አይሁን፣ ዶርም ውስጥ ሌላ ቦታ ካጣህ ውጭ ያለ አግዳሚ ወንበር ይበቃል። ሌሊት የመጣብህን በአንድ መስመር ጽፈህ ለነገው ግማሽ ሰዓት አቆየው። ብዙ ሳምንት ሞክረህ እንቅልፉ ካልተመለሰ፣ ወይም ምግብና ትምህርት ካስጠላህ፣ እዚያው የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ውስጥ የሥነ አእምሮ ሕክምና ክፍል አለና ሄደህ ታይ፤ ለመሄድና ላለመሄድ ግን ሌላ ሌሊት አትጨምርበት።